መሣሪያ የሚያርፍበት ቀን

ማላቲ የቴሌስኮፑን የቁጥጥር ክፍል በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ቢጫ የአበባ ጉንጉን አጥልቀው፣ ግንባራቸውን እርድና ቀይ ዱቄት ተቀብተው ጠበቋት። የወረቀት ማተሚያው ተቀብቷል። የሻይ ማፍያው ተቀብቷል። ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ ስልክ እንኳ አንዲት አበባ ተሰክታለታለች። የክፍሉ ኃላፊ ባሳቫራጁ በዚህ ጉዳይ አድልዎ አያውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ የሠራ መሣሪያ ሁሉ ዛሬ፣ በሂንዱዎች የመሣሪያ በዓል፣ ይታጠባል፣ ያጌጣል፣ ይመሰገናል፣ ያርፋል።

«ጫማሽን አውልቂ!» አላት ከወንበሩ ሳይነሣ። «ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ዛሬ አይነካም።»

«አውቃለሁ አና።» ከእርሷ የሚበልጠውን የግቢውን ወንድ ሁሉ አና፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እያለች ነው የምትጠራው፤ የምትለምነው ነገር ሲኖራት ደግሞ ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። «አውቃለሁ አናዬ። ግን ምሽቱ የእኔ ነው። ተራው በስሜ ነው የተያዘው።»

«በስምሽ የተያዘው ሌላ የፈለገው ስለሌለ ነው።»

እውነቱን ነው። በዚያ የምርምር ግቢ ማንም ሰው በመሣሪያ በዓል ምሽት የቴሌስኮፕ ሰዓት ጠይቆ አያውቅም። ተራ የሚያወጡት ሰዎች ቀኗን «ጥገና» ብለው ይዘሏታል፤ የሚጠገን ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ማላቲ ግን ጨረቃ የማይወጣባቸውን ምርጥ ሌሊቶቿን ለኮሚቴው መልሳ ይህችን አንዲት ምሽት ለመነች። ኮሚቴው ልጅቷ ደህና መሆኗን ጠየቀ እንጂ እምቢ አላለም።

ደህና አልነበረችም። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ስትቀመጥ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ ስትነሣ ወዴት ልትሄድ እንደነበር ይጠፋታል፣ ሻይ ቀድታ ሳትጠጣው ሌላ ትቀዳለች።

«ቴሌስኮፑ ያለው ሩቅ ሰሜን ላዳክ ተራራ ላይ ነው» አለችው። «እዚያ ያሉት ቡድሂስቶች ናቸው። ለእነሱ ዛሬ ተራ ቀን ነው። ቴሌስኮፑ በዓል የለበትም።»

«ኪቦርዱ ግን እዚህ ነው። ኪቦርዱ ሂንዱ ነው።»

«አናዬ፣ በእናትህ!»

«እናቴን ተያት። እናቴ ዛሬ ቢላዋ አልነካችም፤ ሎሚውን በጥርሷ ነው የከፈተችው።»

ማላቲ ዓይኗን በጨው አጥባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ባሳቫራጁ አያት፣ ጣሪያውን አየ፣ መልሶ አያት። ይህችን ልጅ ከመጀመሪያው የተማሪነት ዓመቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ እንዲህ ከስታ አይቷት አያውቅም።

«በቃ» አለ። «ከአበባው ሥር እጅሽን አሾልከሽ ተጫኚ። ጉንጉኑን ካወለቅሽ ግን እኔና አንቺ ተለያየን። የዕለቷ አምላክ እመቤቲቱ ከተቆጣችም ስምሽን ነው የምነግራት፤ የአባትሽን ስም ጨምሬ።»

ነገሩ የአንዲት ኮከብ ነገር ነው። ወጣት ኮከቦች ከአንድ የጋዝ ደመና እንደ አንድ ቤት ልጆች አብረው ይወለዱና በጭፍራ ይኖራሉ። ከመካከላቸው ትኩሶቹና ሰማያዊዎቹ አንዳንዶቹ ዕረፍት የላቸውም፤ ከመጠን በላይ ይሽከረከራሉ፣ ሲሽከረከሩ ከወገባቸው ጋዝ ይረጫሉ፣ ጋዙም ዙሪያቸውን ቀለበት ሠርቶ ቀይ ያበራል። ይህ በዓይን አይታይም። የኮከቡን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና በትኖ መመልከት ያስፈልጋል፤ ቀለበት የሌለው ኮከብ በዚያች ቀይ ቦታ ላይ ጉድጓድ ያሳያል፣ ቀለበት ያለው ደግሞ ጉብታ። የማላቲ ኮከብ ጉብታ ነበራት፣ ያውም የሚያምር ጉብታ። ላም አለኝ በሰማይ ብሎ የሚቀልድ ይቀልድ፤ ማላቲ ግን ከሰማይ ላሟ ወተት ልታልብ ተቃርባ ነበር። ስለ ኮከቧ የጻፈችውን አንድ ትልቅ መጽሔት ተቀብሎ ከኅትመት በፊት የሚታየውን የመጨረሻ ማረሚያ ልኮላታል፤ ቺሊ ያሉ የኮከብ ተመራማሪዎችም በዚሁ ጽሑፍ የተነሣ ሥራ ሊሰጧት ቃል ገብተዋል።

ጭፍራው ከተወለደበት ደመና ግን ጥቂቱ አሁንም እዚያው ነው፤ ደመናውም ራሱ በዚያችው ቀይ ያበራል። ስለዚህ ከኮከቡ ጎን ያለው ሰማይ ተለክቶ ከኮከቡ ላይ ይቀነሳል፤ የተረፈው የኮከቡ የራሱ ነው ይባላል። ይህን ቅነሳ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ ታንጋማኒ የምትባል የቀድሞ ተማሪ የጻፈችው፣ ከታላቅ ለታናሽ ሲወርድ የመጣ። ማላቲ ወረሰችው፣ ሠራችበት፣ ጉብታዋም ከቅነሳው ተርፋ ወጣች። ጽሑፉን እንዲመረምር የተሰጠው ያልታወቀ ሰው ግን አንድ ነገር ጠየቀ፦ ከትልቋ ጉብታ አጠገብ ያለችው ትንሽ ጉብታ ምንድን ናት? የናይትሮጅን ብትሆን ደመና እንጂ ቀለበት አይሠራትም። ማላቲ «ከካሜራው የመጣ ትርጉም የሌለው ዝላይ ነው» ብላ መለሰች። ሰውየው አመናት። ራሷን ያላመነችው እርሷ ናት፤ ማረሚያውን ፈርማ መመለስ ያቃታትም ለዚህ ነው። ኮከቧን አንድ ጊዜ ደግማ ካላየቻት አያስችላትም።

ፀሐይ እንደጠለቀች ላዳክ ላይ የቴሌስኮፑ ቤት ጉልላት ተከፈተ። ጭፍራው ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ስለሆነ ቶሎ ካልተያዘ ያመልጣል። ማላቲ ከአበባው ሥር እጇን አሾልካ ትእዛዙን ሰጠች፣ ቴሌስኮፑ ዞረ፣ ካሜራው ብርሃን መሰብሰብ ጀመረ። እርሷ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት መመላለስ ጀመረች።

«ተቀመጪ እንጂ፤ ወለሉን ልትበሺው ነው!» አላት ባሳቫራጁ። «ምጥ የያዘሽ ትመስያለሽ።»

የመጀመሪያው ሥዕል ደረሰ። ፕሮግራሙን አስኬደችው። ኮከቧ ጉብታዋን ይዛ ብቅ አለች፣ ማላቲም ትንፋሿን ለቀቀች። ግን ኮከቧ ብቻዋን አልመጣችም። ግራና ቀኟን ሌሎች ጉብታዎች፣ ረጃጅምና ቀጫጭን፣ ተሰልፈዋል። ማላቲ በስም ታውቃቸዋለች። የኒዮን መስመሮች ናቸው፤ መሣሪያው ውስጥ ባለው የመለኪያ መብራት በየዕለቱ የምታያቸው። ኮከብ ላይ ግን ምንም ሥራ የላቸውም።

የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ወደ ተራራው ደወለች። ያነሣው ማንጁናት ነው፤ ከዳቫንጌሬ ቆላ ተነሥቶ በቅርቡ እዚያ ብርድ ላይ የተመደበው መሐንዲስ።

«ማንጁናት፣ የመለኪያውን መብራት አጥፋልኝ እንጂ!»

«ጠፍቷል አካ።» ለታላቅ እህት እንዲህ ነው የሚባለው።

«ኒዮን እያየሁ ነው እኮ። ጉልላቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይበራል።»





«አካ... አትቆጪኝም?»

«ምን አደረግህ?»

«ትንሽዬ መብራት ናት። እናቴ ናት የላከችልኝ። ያቺ ኒዮን ያላት፣ በኤሌክትሪክ እንደ ነበልባል የምትርገበገበው የለችም? እሷ ናት። እዚህ እሳት መለኮስ ክልክል ነው፤ ቴሌስኮፑ ደግሞ አገር ሁሉ በዓል ላይ ሆኖ እሱ ብቻውን ሲቀር ሆዴን በላው። ከሥሩ የእመቤቲቱን ሥዕል አስቀምጬ አበራሁለት።»

ባሳቫራጁ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ሰማሽ? በዓል የለበትም ስትዪኝ የነበረው ቴሌስኮፕ ከነመብራቱ ቁጭ ብሏል! ማንጁናት፣ ተባረክ የእኔ ልጅ! አበባስ አደረግህለት?»

«በዚህ ብርድ አበባ ከየት ይመጣል አና? የፕላስቲክ አጥልቄለታለሁ።»

«ይበቃል! እመቤቲቱ ልብ ነው የምታየው!»

«መብራቷን አጥፋት» አለች ማላቲ።

መብራቷ ጠፋች። ሁለተኛው ሥዕል ተነሣ፣ ደረሰ፣ ተሰላ። ኒዮኑ የለም፤ ጉብታዋ ብቻዋን፣ ንጹሕ ሆና ቆማለች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሻዩን ይጠጣ ነበር። ማላቲም ብርጭቆውን አንሥታ ነበር፤ ግን ከአፏ ሳታደርሰው መልሳ አስቀመጠችው።

መብራቷ ጉልላቱን በሙሉ ነው ያበራችው። ኮከቧ ያለችበት ላይም፣ ከኮከቧ ጎን ያለው ሰማይ ላይም እኩል ነው የወደቀችው። ፕሮግራሙ ጎኑን ለክቶ ሲቀንስ ኒዮኑ ከነዘር ማንዘሩ መጥፋት ነበረበት። ለምን አልጠፋም?

ፕሮግራሙን ከፈተችው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከፍታው አታውቅም፤ እንደ እርሷ የሚጠቀሙበት ሁሉ ከፍተውት አያውቁም። የሚሠራን ነገር ማን ይፈታል? መስመር በመስመር ስትወርድ ሰማዩ የሚለካበት ቦታ ላይ ደረሰች፤ በስተግራ ጠርዝ፣ በቋሚ ቁጥር የተጻፈ። ያንን ቦታ ሥዕሉ ላይ ፈለገችው። ጨለማ ነው። ብርሃን የሚገባበት ስንጥቅ እዚያ አይደርስም። ፕሮግራሙ ሰማዩን ሳይሆን የካሜራውን ጥቁር ዳር ሲለካ ኖሯል፤ ከሁሉም ኮከብ ላይ ባዶ ሲቀንስ፣ ማለትም ምንም ሳይቀንስ።

ጀርመን ወዳለችው ወደ ታንጋማኒ ደወለች። ከስልኩ ወዲያ ሕፃን ያለቅሳል።

«አካ፣ ሰማዩን የሚለካበት ቁጥር... በፕሮግራምሽ ውስጥ ያለው...»

«የትኛው ፕሮግራም? ያ አሮጌው? አሁንም በሱ ነው የምትሠሩት?» ታንጋማኒ ሳቀች። «ምነው፣ እኔ እኮ እሱን የጻፍኩት ለድሮው ካሜራ ነው። አዲሱ ሲገጠም ሁሉ ነገር ወደ ቀኝ ሸሽቶ የለ? ቁጥሩን ቀይራችሁታል መቼም።»

ማላቲ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ደግማ አየችው።

«ማላቲ? ቀይራችሁታል አይደል?»

«አልቀየርነውም አካ።»

«ወይ ጉዴ!» አለች ታንጋማኒ። ሕፃኑም ለቅሶውን ያቆመ መሰለ።

እንዴት ማንም ሳያውቅ ቀረ ቢባል ምክንያቱ ቀላል ነው። ላዳክ ላይ ሰማዩ ጥቁር ነው፣ እነርሱ የሚያዩአቸው ኮከቦች ደማቆች ናቸው፤ ሰማዩ ተቀነሰም አልተቀነሰ የሚታይ ለውጥ የለም። ጉዱ የሚፈላው ደመና ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። የማላቲ ኮከብ ደግሞ ደመና ውስጥ ነው ያለችው።

ቁጥሩን አስተካክላ ሁለተኛውን ሥዕል እንደገና አሰላችው። ጉብታው የለም። በቦታው ጉድጓድ ነው፤ ቀለበት እንደሌለው እንደማንኛውም ትኩስ ኮከብ። ስክሪኑን ስታይ ቆየች፣ ባሳቫራጁም ቀልዱን ትቶ ፊቷን አየ።

«ምን ሆንሽ? እመቤቲቱ ተቆጣች እንዴ?»

«ሳትቆጣ አልቀረችም አና።»

ሆኖም ይህ የዛሬው ነው። እነዚህ ኮከቦች ደግሞ አመለኞች ናቸው፤ ዛሬ ቀለበት ይሠራሉ፣ ነገ ይበትኑታል፣ ከዓመታት በኋላ ይመልሱታል። ማላቲ ይህን ካሰበች በኋላ ቁጭ ማለት አልቻለችም። ምናልባት ኮከቧ ያን ጊዜ ቀለበት ነበራት፣ አሁን ጣለችው! እንዲህ ከሆነ ጥፋት አይደለም፣ ሌላ ግኝት ነው። የድሮው ሥዕል እዚሁ በቦርሳዋ ባመጣችው የራሷ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። በተስተካከለው ቁጥር ደግሞ ለማስላት አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ትእዛዙን ጻፈች። ጣቷን አነሣች። መልሳ አወረደች። ተነሥታ ሦስቴ ክፍሉን ዞረች፣ ተቀመጠች፣ ጣቷን አነሣች፣ ከዚያ ኮምፒውተሯን ከድና በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። ጫማዋን ማድረግ መርሳቷ መንገድ ላይ ነው የታወቃት።

የመምህሯ የፕሮፌሰር ሴሻጊሪ ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል፤ የበዓሉ አሻንጉሊቶች በደረጃ ተደርድረው እስከ ጣሪያው ደርሰዋል፣ ነገሥታቱ ከላይ፣ ነጋዴዎቹና የክሪኬት ተጫዋቾቹ ከታች። የፕሮፌሰሩ ባለቤት በኮኮናት የታሸ ሽምብራ በቅጠል አድርጋ ማላቲ እጅ ላይ አስቀመጠችላት።

«ማላቲ! በዛሬ ቀን ሠራሽ አሉ!» አሉ ፕሮፌሰሩ ከወዲያ ጥግ። ነጭ ሽርጣቸውን ለብሰዋል፣ ፊታቸው ፈክቷል። «ባሳቫራጁ ደውሎ ከሶሻል።»

«ሰር፣ ኮከቧን አየኋት። ጉብታው የለም። ጉድጓድ ሆኗል።»

እዚህ ላይ ማቆም አልነበረባትም። ስለ ቁጥሩ የሚናገረው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ፕሮፌሰሩ ግን ጊዜ አልሰጧትም፤ እጃቸውን አጨብጭበው ተነሡ።

«ጣለችው! ቀለበቷን ጣለች! ስሙኝ እስቲ፣ ስሙኝ! ይህች ልጅ ቀለበት ያላት ኮከብ አገኘች ብያችሁ አልነበረም? ዛሬ ደግሞ ቀለበቷን ጥላ እጅ ከፍንጅ ያዘቻት!»

እንግዶቹ ዞሩ። የፕሮፌሰሩ እናት፣ ሰው ሁሉ አጂ፣ አያቴ፣ የሚላቸው አሮጊት፣ ከወንበራቸው ጎንበስ አሉ። «ማን ናት ቀለበቷ የጠፋባት? ወርቅ ነበር?»

«ጋዝ ነው እማዬ።»

«ጋዝ ከሆነስ እንኳን ጠፋ።»

ሰው ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ማላቲን በትከሻዋ ያዙና ዝቅ ባለ ድምፅ ዕቅዱን ዘረገፉላት፦ ማረሚያውን ዛሬውኑ ትመልሳለች፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይወጣል፣ ወዲያው ሁለተኛውን ይጽፋሉ፣ ቺሊ ያሉት ሰዎች በደስታ ያብዳሉ። ማላቲ አንዲት ቃል አልዋሸችም። ጉድጓድ አየሁ አለች፤ ጉድጓድ አይታለች። የድሮውን ሥዕል ካላሰላችው ደግሞ የድሮውን አታውቅም፣ የማታውቀውን ደግሞ አልደበቀችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሽምብራው እጇ ውስጥ ቀዝቅዟል፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል፣ እርሷም አመሰግናለሁ ትላለች፣ በባዶ እግሯ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች። ወደ በረንዳው ወጣች። ተመለሰች። እንደገና ወጣች። ብትሄድ ማንም አይይዛትም ነበር።

አንዲት ጎረቤት ናት ሳታውቅ የነካቻት። «ፕሮፌሰር፣ እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ» አለች ሴትዮዋ። «መጀመሪያውኑ ቀለበት እንደነበራት በምን አወቃችሁ?»

«እሷ አይታዋለች» አሉ ፕሮፌሰሩ ወደ በረንዳው እየጠቆሙ። «ማላቲ ያላየችውን ነገር አትናገርም።»

«አላየሁም ሰር» አለች ማላቲ።

ካሰበችው በላይ ጮኸችው። የአሻንጉሊቶቹ ሥር ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ሳይቀሩ ቀና አሉ። ማላቲ በሩ ላይ እንደቆመች ነገረቻቸው፤ ስለ መብራቷ፣ ስለ ኒዮኑ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ አዲሱ ካሜራ። አንዴ ከጀመረች በኋላ አላቆመችም። የፕሮፌሰሩ ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ። ሰው መሀል መሆናቸውን የረሱ ይመስል ነበር።

«የድሮውን ሥዕል በትክክለኛው ቁጥር አስልተሽዋል?»

«አላሰላሁትም።»

«ለምን?»

«ስለፈራሁ ነው ሰር።»

ፕሮፌሰሩ አገጫቸውን አሹ። «እንግዲያው ያን ጊዜ ኖሯት አሁን ጥላው ሊሆን ይችላል።»

«ይችላል።»

«ይችላል እኮ!»

ሁለቱም እንዲሆን ይፈልጉ ነበር፤ ሁለቱም ይህን አንዱ በሌላው ፊት ላይ አዩት። ባዶ ጠረጴዛ አልነበረም። ማላቲ ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ የአሻንጉሊቶቹ የመጨረሻ ደረጃ ላይ፣ በክሪኬት ተጫዋቾቹ መካከል አስቀመጠችው። ትእዛዙ ምሽት ላይ እንደጻፈችው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ተንበረከከች። ተጫነችው።

ጉድጓድ።

ትልቋ ጉብታ የለችም። ከጎኗ የነበረችው ትንሽዋ፣ ከካሜራው የመጣ ዝላይ ነው ያለችላት፣ እርሷም የለችም፤ ተያይዘው ሄደዋል። የደመናው ነበሩ፣ ሁለቱም። ኮከቧ ያን ጊዜም ዛሬም ያው ናት።

አጂ ናቸው መታገሥ ያቃታቸው።

«ምነው ዝም አላችሁ? ቀለበቷ ተገኘ?»

«የለም አጂ» አለች ማላቲ እንደተንበረከከች። «መጀመሪያም ቀለበት አልነበራትም።»

«እና ያልነበራትን ጣለች እያላችሁ ነው የሰው ልጅ ስም ስታጠፉ ያመሻችሁት?»

መጀመሪያ የሳቀችው የፕሮፌሰሩ ባለቤት ናት፤ ከዚያ ጎረቤቶቹ፣ ከዚያ ማላቲ ራሷ፣ እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ። አፍራለች። ቺሊ ለሚጠብቋት ሰዎች ነገ ምን ብላ እንደምትጽፍ አታውቅም፤ ምናልባት ቺሊ የሚባል ነገር አይኖርም። ግን ጉልበቷ መንቀጥቀጡን አቁሟል። ደግሞ ርቧታል፤ እንደዚህ የራባት መቼ እንደሆነ አታስታውስም። የቀዘቀዘውን ሽምብራ በጣቶቿ እየዛቀች በላችው።

«ጽሑፉን አነሣዋለሁ ሰር» አለች አፏ እንደሞላ። «ለመጽሔቱ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። ስክሪኑን ብቻ ያያሉ።

«ይህን ፕሮግራም የተጠቀመበት ማን ማን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሁላችንም ሰር። ካሜራው ከተቀየረ ወዲህ የሠራን ሁሉ።»

ማላቲ ይህን ከተናገረች በኋላ ነው የገባት። ካሜራው ከተቀየረ ወዲህ ፕሮፌሰሩም አንዲት ኮከብ አግኝተዋል። በደመና ውስጥ ያለች፣ ስሟ በእሳቸው ስም የሚነሣ፣ በሚቀጥለው ወር ዴልሂ ሄደው ሽልማት የሚቀበሉባት። እንግዶቹ ወደ ወሬያቸው ተመልሰዋል፣ ልጆቹ ይሯሯጣሉ፣ አጂ ስለ ስም ማጥፋት ለጎረቤታቸው ያስረዳሉ።

«የእኔዋ ፋይል እዚያ ውስጥ አለ?»

«አለ ሰር።»

ፈልጋ አወጣችላቸው። ቁጥሩን አስተካክላ ትእዛዙን ጻፈች፣ ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«እኔ ልጫንልዎት?»

«ተይው» አሉ። «ያንቺን ማን ተጫነልሽ?»

ከጎኗ፣ ወለሉ ላይ፣ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። እጃቸውን በነጩ ሽርጥ ጠረጉና ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ። እዚያው ቆየ። ማላቲ ሽምብራዋን መብላት አቆመች፤ ግን አላቻኮለቻቸውም፣ ፊታቸውንም ላለማየት ዞር አለች።